ምረቃ (በልማታዊ ሴፍቲኔት)

ምረቃ፣ በኢትዮጵያ የልማታዊ ሴፍቲኔት ሥርዓት ውስጥ፣ አንድ ቤተሰብ ሲቀበለው ከኖረው የእህል ወይም የገንዘብ ድጋፍ ራሱን ችሏል ተብሎ የሚሰናበትበት ውሳኔ ነው። ቃሉ የአባቶችን ቡራኬ የሚያስታውስ ቢሆንም፣ በዚህ ስፍራ ከመዝገብ መፋቅን ስለሚጨምር፣ ተመራቂው ሁሉ «አሜን» ብሎ ይቀበለዋል ማለት አይቻልም።

ሥርዓቱ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር መነሻው፣ ድርቅ በመጣ ቁጥር እየተለመነ የሚታደለው እህል የገበሬውን ነፍስ አቆየለት እንጂ ጥሪቱን አላስቀረለትም የሚለው አሳብ ነበር። ስለዚህም ጉልበት ያለው በዓመት ለስድስት ወር ያህል እርከን እየሠራና መንገድ እያቀና፣ በመጀመሪያው ዘመን ለአንድ የሥራ ቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል እንዲቀበል፣ አረጋዊው፣ ድውዩና ጧሪ ያጣው ግን ያለ ሥራ በቀጥታ እንዲደገፍ ተደነገገ። ነፍሰ ጡርም ለጊዜው ከዶማና ከአካፋ ወደ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች።

ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው በየዓመቱ ይመረመራል። የመንደሩ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል የእያንዳንዱን ቤት በሬ፣ ላምና በግ ቆጥሮ፣ የመሬቱንም ስፋት ገምቶ ስም ያወጣል፤ ዝርዝሩም በጉባኤ ፊት ቀርቦ ሕዝቡ አስተያየቱን ይሰጥበታል። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ መርማሪው ከሩቅ ከተማ የመጣ ጸሐፊ ሳይሆን፣ በደቦ አብሮ የሚያጭድ፣ በማኅበር ከአንድ ጽዋ የሚጠጣ ጎረቤት ነውና፣ ጥጃይቱ በዘመድ በረት ብታድር ወይም በሬው የውሰት ቢሆን ከእርሱ አይሰወርም። ይህ ዕውቀት ፍርድን ያቀናል፤ ይሉኝታና ቂም ሲገቡበት ደግሞ ያጣምመዋል።

በመመሪያው መሠረት የሚመረቀው፣ ያለ ድጋፍ የ12 ወር ቀለቡን የሚሸፍንና መጠነኛ ችግር ቢደርስበት የሚቋቋም ቤተሰብ ነው። መለኪያው በወረቀት ላይ የጠራ ቢሆንም፣ የተመራቂው ቁጥር አስቀድሞ በዕቅድ ተይዞ ወደ ወረዳ ሲወርድ፣ አንድ ክረምት ቀንቶት ጊደር የገዛ ሰው፣ ጊደሪቱ ሳትወልድ፣ ቁጥር ለመሙላት ሲባል መሰናበቱ አልቀረም። የሥርዓቱ ትልቁ ነውር ይኸው ነው።

ያለ አግባብ ተሰረዝሁ የሚል ሰው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አቤት ይላል፤ የኮሚቴው አባላትም ስሙን ከሰረዙት ሰዎች የተለዩ እንዲሆኑ ታዝዟል። የተመረቀ ቤተሰብም ቢሆን፣ በድርቅ ወይም በድንገተኛ ጥፋት ጥሪቱን ካጣ፣ በሚቀጥለው ልየታ እንደገና ሊመዘገብ ይችላል።