ቄጠማ

ቄጠማ በረግረግ፣ በወንዝ ዳርና በምንጭ አጠገብ የሚበቅል የኢትዮጵያ አገር በቀል ተክል ነው። ስሙ ለአንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ተመሳሳይ ዝርያዎች ይሰጣል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ሳይፐረስ በሚባለው ወገን ይመደባሉ። በጣና ሐይቅ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የዚሁ ወገን አባል ነው።

የተክሉ ጸባይ

በልማድ ሣር ይባላል እንጂ በሥነ ዕፅዋት አመዳደብ ሣር አይደለም። ለመለየት አገዳውን በጣት መሐል ማንከባለል ይበቃል። የሣር አገዳ ክብ፣ አንጓ ያለውና ብዙ ጊዜ ውስጡ ክፍት ነው፤ የቄጠማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን ያለውና ውስጡ የተሞላ ነው። ቅጠሉም በሦስት አቅጣጫ ይወጣል፣ የሣር በሁለት።

በጓሮ አተካከል

ፀሐይ የሚያገኝና ውኃ የሚቋጥር ቦታ ይስማማዋል፤ የቧንቧ ውኃ የሚፈስበት ጥግ፣ ሌላ አትክልት የሚበሰብስበት ዋልካ አፈር ለቄጠማ ጥሩ ነው። አፈሩ አሸዋማ ከሆነ 40 ሳ.ሜ. ያህል ተቆፍሮ ከሥር ላስቲክ ይነጠፋል። ላስቲኩ ጥቂት ቦታ ይበሳል፤ ከዚያ አፈሩ ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። ያልተበሳ ባልዲም ያገለግላል።

በዘር ከማብቀል ነባሩን ጉንድ ከፍሎ መትከል ይቀላል። በክረምት መግቢያ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ሥርና ሁለት ሦስት ቡቃያ እንዲኖረው ተደርጎ ይከፈላል፤ ረጅሙ ቅጠል አጠር ተደርጎ በ30 ሳ.ሜ. ርቀት ይተከላል። አፈሩ ሁልጊዜ ይርጠብ እንጂ ውኃ ከላይ ተኝቶ አይቆይ፤ የወባ ትንኝን ጨምሮ ትንኞች በተኛ ውኃ ይራባሉ።

ሲሰበሰብ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ በማጭድ ይታጨዳል፣ አይነቀልም። ከመሬት በታች አግድም የሚሄደው ግንድ ካልተነካ መልሶ ያቆጠቁጣል። ይኸው ግንድ ወደ ጎንም ስለሚስፋፋ መደቡን በድንጋይ ወይም በቆርቆሮ መከለል ያስፈልጋል። ከእርሻ ማሳ የተነቀለውን ግን አለመትከል ይሻላል። የቄጠማ ዘመድ የሆነው ሳይፐረስ ሮተንደስ በዓለም ላይ እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት አረሞች አንዱ ነው፤ በሰንሰለት የተያያዙ ኮረቶቹ አፈር ውስጥ ከቀሩ እንደገና ይበቅላሉ።

ጥቅም

በበዓልና በቡና ሥነ ሥርዓት ወለል ላይ ይጎዘጎዛል። በቅዳም ሹር የኦርቶዶክስ ካህናት ለምእመናን ያድሉታል፤ ምእመናንም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ይህም ርግብ ለኖኅ ካመጣችው ለምለም ቅጠል ጋር ይያያዛል። ለገበያ የሚቀርበው በአብዛኛው ከረግረግ የሚታጨድ ሲሆን፣ ረግረጉ ተጠንፍፎ ለእርሻ ወይም ለቤት መሥሪያ ሲውል ቄጠማው አብሮ ይጠፋል።