የአምስት ወር ከለላ፦ የፉታ ጃሎን ድንችና ያልተፈታው የዘር ጥያቄ

ድንች ሌሊቱ በሚሞቅ ቆላ ቅጠሉን ያበዛል እንጂ ከሥሩ እምብዛም አያፈራም። የጊኒ የድንች ታሪክ በአመዛኙ የፉታ ጃሎን ደጋ ታሪክ የሆነውም ለዚህ ነው። በፒታ ግዛት ያለው የቲምቢ ማዲና ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በበጋ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የፉላ ገበሬዎች የክረምቱን ሰብል ከሰበሰቡ በኋላ እርጥበት ወደማይለያቸው ጨፌዎች ወርደው ድንች በመስኖ ያለማሉ።

እ.ኤ.አ. በ1992 የፉታ ጃሎን ገበሬዎች ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ ለረጅም ጊዜ የመሩትም ሙሳ ፓራ ዲያሎ ናቸው። በዚያው ዓመት መንግሥት ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን የውጭ ድንች ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ፤ የፉታ ምርት ለገበያ የሚደርሰው በእነዚህ ወራት ነውና። የፉታ ድንች ገበያ ለማግኘቱ ምስጋናውን ሁሉ ለእገዳው የሚሰጡ አሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ገበሬው ተደራጅቶ ዘርና ማዳበሪያ በጋራ ባይገዛ ኖሮ፣ እገዳው ያተረፈው ባዶ ገበያና ውድ ድንች ብቻ በሆነ ነበር። በ1998 እገዳው ሲነሣ የፉታ ድንች ከገበያ አለመውጣቱ ይህን ያጠናክርልኛል። ኋላም «የጊኒ ቆንጆ» የሚል ትርጉም ባለው የፈረንሳይኛ ስም ጎረቤት አገሮች ደረሰ።

ጎረቤት ገበያ ግን ይዘጋል። በኦገስት 2014 በኢቦላ ወረርሽኝ ምክንያት ሴኔጋል ድንበሯን ስትዘጋ፣ ድንበሩ እስከ ጃንዋሪ 2015 አልተከፈተም። ድንች ደግሞ እንደ እህል በጎተራ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰብል አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የዘሩ ነገር ነው። በበጋ የተቆፈረው ድንች ለቀጣዩ ተከላ ዘር እንዲሆን ሙቀቱንና ረጅሙን ክረምት ማለፍ አለበት። ቀዝቃዛ መጋዘን በሌለበት ያለጊዜው ይበቅላል ወይም ይበሰብሳል፤ ከዓመት ዓመት ሲተከልም የቫይረስ በሽታ እየተጠራቀመበት ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ገበሬው በአብዛኛው ከአውሮፓ በመርከብ የሚመጣ ዘር ይጠብቃል። ገበያውን ከአውሮፓ ድንች የተከላከለው ገበሬ ለዘሩ መልሶ ወደ አውሮፓ ያያል። ዘሩ በሰዓቱ ካልደረሰ ተከላው ይገፋል፤ ቀዝቃዛዎቹ ሌሊቶች ያልፋሉ፤ ድንቹ ገና መሬት ውስጥ ሳለም ዝናቡ ይጀምራል፣ ቅጠሉን የሚያጠቁረውን ዋግ አስከትሎ።