የሰዓት ታሪክ በኮምፒዩተር መዝገብ፤ የኢትዮጵያ ድርሻና የመምህራን ኃላፊነት

መግቢያ

የታሪክ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ዓመተ ምሕረትን በጥንቃቄ ያስተምራሉ፤ የአንድ ድርጊት ቀንና ወር ቢሳሳት ያርማሉ። ሰዓትን ግን ራሱን የቻለ ታሪክ እንዳለው ነገር ቈጥረው ሲያስተምሩ እምብዛም አይታይም። ዛሬ በአገራችን አቆጣጠር «ከጧቱ 2 ሰዓት» ሲባል ከግሪንዊች ሰዓት 3 ሰዓት የቀደመ የአገር ሰዓት እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል። በ1923 ዓ.ም. ወይም በ1888 ዓ.ም. «ከጧቱ 2 ሰዓት» ሲባል ግን ከግሪንዊች ጋር የነበረው ልዩነት ሌላ ነበር። ይህን ልዩነት በየአገሩ መዝግቦ የሚይዝ አንድ ዓለም አቀፍ ሰነድ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሰነዱ እንዴት እንደ ተዘጋጀ፣ ስለ አገራችን ምን እንደሚል፣ የሚለውስ ምን ያህል እንደሚታመን መርምሮ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አዘጋጆች ማቅረብ ነው።

የመዝገቡ አመጣጥ

የሰዓት አንድነት ጥያቄ ከባቡር ሐዲድ ጋር የመጣ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ከተማ ፀሐይ በራሱ ሰማይ ላይ እኩለ ቀን ስትደርስ ሰዓቱን ያስተካክል ነበር። ባቡር ከከተማ ወደ ከተማ በፍጥነት መጓዝ ሲጀምር ግን የየከተማው ሰዓት መለያየት የጉዞውን ሠንጠረዥ አፋለሰው። እ.ኤ.አ. በ1840 አንድ የእንግሊዝ የባቡር ኩባንያ በመስመሩ ሁሉ የለንደንን ሰዓት ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 1883 የሰሜን አሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች አህጉሩን በሰዓት ክልል ከፋፈሉት። በተከታዩ ዓመት በዋሽንግተን የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የግሪንዊችን ኬንትሮስ የመነሻ መሥመር አድርጎ መረጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ ጀርመንና ኦስትሪያ-ሀንጋሪ በሞቃቱ ወራት ሰዓትን በ1 ሰዓት ወደ ፊት የመግፋትን ሥርዓት አወጁ። ሌሎች ብዙ አገሮችም ተከተሏቸው። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ሰዓታቸውን ባሻቸው ጊዜ ሲለውጡ ኖረዋል።

ኮምፒዩተር በሰፊው ሥራ ላይ ሲውል ይህ ሁሉ ለውጥ ተጽፎ መቀመጥ ነበረበት። ምክንያቱም በርካታ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚቈጥሩት ከአንድ መነሻ በሚያልፍ የሰኮንድ ብዛት ነው። መነሻውም በግሪንዊች አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970፣ ማለትም ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. እኩለ ሌሊት ነው። ይህን ቁጥር ወደ አንድ አገር ሰዓት ለመመለስ በዚያ አገር፣ በዚያ ቀን፣ ከግሪንዊች የነበረውን ልዩነት ማወቅ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ባልደረባ የነበረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን ይህን የያዘ ጽሑፍ ማሰባሰብ ጀመረ። በኋላም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ፖል ኤገርት የመዝገቡ ዋና ጠባቂ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 የጥንቱን የሰዓት መረጃ በሚመለከት በአዘጋጆቹ ላይ ክስ ቀርቦ ነበር፤ በዚያው ዓመት መዝገቡ የኢንተርኔት ቁጥሮችን በሚመድበው ተቋም ጥላ ሥር ሆነ፤ ክሱም በተከታዩ ዓመት ቀረ። ዛሬ በመምህራን ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒዩተርም ሆነ በተማሪዎች እጅ የሚገኘው ስልክ በአብዛኛው ሰዓቱን የሚያሰላው ከዚህ መዝገብ ነው።

መዝገቡ ስለ ኢትዮጵያ ምን ይላል?

መዝገቡ ለእኛ የሰጠው ስም «አፍሪካ/አዲስ አበባ» የሚል ሲሆን፣ ከስሙ ሥር ያሉት መስመሮች ሦስት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው እስከ እ.ኤ.አ. 1870 ድረስ የአዲስ አበባ ሰዓት ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ከ48 ሰኮንድ እንደሚቀድም ያመለክታል። ሁለተኛው ከዚያ እስከ እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1936 ድረስ ልዩነቱን 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰኮንድ ያደርገዋል። ሦስተኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት መሆኑን ይገልጻል።

ማንኛውም የታሪክ መምህር እነዚህን መስመሮች እንደ ማንኛውም ሰነድ ቢመረምራቸው ወዲያው የሚያጠራጥሩ ነገሮች ያገኛል።

በመጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 አዲስ አበባ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ከተማዋ የተቈረቈረችው ከዚያ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. እስኪነግሡ ድረስም አገሪቱን በአንድ የሰዓት ድንጋጌ የሚያዝ ማዕከላዊ ሥልጣን አልነበረም። የመጀመሪያው ቁጥር ከከተማዋ ኬንትሮስ በስሌት የተገኘ እንጂ በዘመኑ ሰው የተሠራበት ሰዓት አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ሁለተኛ፣ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰኮንድ የሚለው ልዩነት ከ38 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ጋር የሚስማማ ነው። የቁጥሩ ምንጭ ቶማስ ሻንክስ ለኮከብ ቈጣሪዎች መገልገያ ያዘጋጀው አትላስ ነው። አትላሱ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1890 ድረስ እጅግ የተቀራረቡ ስድስት የሰዓት ክልሎች እንደ ነበሯትና በ1890 ወደ አንድ እንደ ተጠቃለሉ ይናገራል። በ1997 እ.ኤ.አ. በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ማስታወሻ ደግሞ ይህ ኬንትሮስ «አዲስ ደራ» የሚባል ስፍራ ሊሆን እንደሚችል በግምት መወሰዱን ይገልጻል። እንግዲህ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ የኢትዮጵያ ሰዓት ተብሎ የተመዘገበው መጠሪያውን ያገኘው በግምት ነው። ለአሥመራ የተጻፈው መስመርም የአሥመራ ሰዓት በዚያው በ1890 ወደዚሁ ሰዓት እንደ ተጠቃለለ ያስነብባል። ነገር ግን ኢጣሊያ ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ ያወጀችው በ1890 መጀመሪያ ነው። ቅኝ ገዢ አገር በያዘበት ዓመት የተለየውን መንግሥት ሰዓት ይቀበላል ማለት ማስረጃ የሚያሻው አባባል ነው።

ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1936 ማለት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ይህ የኢጣሊያ ጦር በማርሻል ባዶልዮ መሪነት አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው። ከተማይቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ ወዲህ በዘረፋና በቃጠሎ ውስጥ ነበረች። በዚያው ዕለት የሰዓት ለውጥ በሥራ ላይ ዋለ ከማለት ይልቅ፣ የአትላሱ አዘጋጅ የፖለቲካውን ታሪክ ቀን ለሰዓቱ ታሪክ አውሶታል ማለት የበለጠ ይመስላል።

በሐዲዱ በኩልም አንድ ነጥብ አለ። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመዝገቡ መሠረት ጂቡቲ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1911 ጀምሮ በ3 ሰዓት ልዩነት ትሠራ ነበር። ሁለቱ መስመሮች እውነት ከሆኑ፣ ለ19 ዓመታት ያህል የአንዱ ሐዲድ ሁለት ጫፎች በ24 ደቂቃ ከ40 ሰኮንድ የሚለያዩ ሰዓቶች ነበሯቸው ማለት ነው። የባቡሩ ጣቢያዎች በየትኛው ሰዓት ይሠሩ እንደ ነበር የሚያሳይ አንድ የጉዞ ሠንጠረዥ ከዚህ መዝገብ የበለጠ ክብደት ያለው ማስረጃ ይሆናል።

የናይሮቢ ሰዓት በአዲስ አበባ

የመዝገቡ ጠባቂዎች እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ውሳኔ ወሰኑ። ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆነ አገሮች በአንድ ስም እንዲጠቃለሉ፣ የቀደመውና ማስረጃው ደካማ የሆነው ዝርዝር በተለየ ፋይል እንዲቀመጥ አደረጉ። በዚህም መሠረት «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ለ«አፍሪካ/ናይሮቢ» ሌላ መጠሪያ ሆነ። ለዛሬው ሥራ ይህ ምንም ጉዳት የለውም፤ የሁለቱም ከተሞች ሰዓት አንድ ነው። ለታሪክ ሥራ ግን ውጤቱ የተለየ ነው።

ናይሮቢ እ.ኤ.አ. ከ1930 መጀመሪያ እስከ 1936 ማብቂያ በ2 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም እስከ ሐምሌ 1942 በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ልዩነት ትሠራ ነበር። ስለዚህ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጫነበት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዛሬው ተራ ኮምፒዩተር ሲሰላ፣ ከቀድሞው የኢትዮጵያ መስመር በ5 ደቂቃ ከ20 ሰኮንድ ይለያል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት የተመለሱበት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ በ15 ደቂቃ ይለያል። የዓድዋ ድል የተገኘበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሰላማ ኮምፒዩተሩ የሚጠቀመው የናይሮቢን የፀሐይ ሰዓት ነው፤ ናይሮቢ ግን የተቈረቈረችው ከዓድዋ ጦርነት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

የደቂቃዎቹ ብዛት በራሱ አሳሳቢ ላይመስል ይችላል። አሳሳቢው የአሠራሩ ትርጉም ነው። ጠባቂዎቹ የእኛን መስመር ወደ ጐን ያደረጉት ማስረጃ ስለ ጐደለው እንጂ ጥላቻ ኖሯቸው አይደለም። ማስረጃ ያላቀረበ ሕዝብ ታሪኩ በጎረቤቱ ሰዓት ይነበባል። መዝገቡ ግን የተዘጋ አይደለም፤ በሰነድ የተደገፈ እርማት ከማንም ይቀበላል።

የራሳችን አቆጣጠርና ኮምፒዩተር

መዝገቡ በማስታወሻው ብዙ ኢትዮጵያውያን ቀኑን ከንጋት ጀምረው በ12 ሰዓት እንደሚቈጥሩ ይናገራል፤ በስሌቱ ግን ይህን አያስገባም። በምድር ወገብ አቅራቢያ ስለምንገኝ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በ1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከንጋት መቁጠር የሚያዋጣው፣ ሰዓትን በየወቅቱ መግፋትም ለእኛ የማያስፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው። ጎረቤቶቻችን ግን ለውጠዋል። ሱዳን እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2017፣ ደቡብ ሱዳንም እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2021 ሰዓታቸውን በ1 ሰዓት ወደ ኋላ መልሰዋል፤ ግብፅ የተወችውን የሞቃት ወራት ሰዓት በ2023 እ.ኤ.አ. እንደገና ጀምራለች። ዛሬ በመተማ ድንበር አንድ እርምጃ መሻገር የ1 ሰዓት ለውጥ ያመጣል።

ከሰዓቱ የበለጠ የሚያስቸግረው የቀኑ ወሰን ነው። ለኮምፒዩተር አዲስ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በእኛ ልማድ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደ ሕፃን «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» ተወለደ ይባላል። አባባሉ ሁለቱንም ቀን ስለሚጠራ ስሕተት አያስከትልም፤ የምዝገባ ቅጽ ግን አንድ ቀን ብቻ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ መዝጋቢው ሐሙስን ቢጽፍ አንድ ቀን ይዛነፋል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። መምህሩ «2 ሰዓት» ሲል መሣሪያው 8 የሚል ቁጥር እንደሚያሳይ ተማሪው አስቀድሞ ካልተማረ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በተፈታኙ ላይ ነው።

በትምህርት ቤት ሊሠራ የሚችለው

አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ለዚህ ትምህርት የተመቹ ሥፍራዎች ናቸው። ሰበታ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ የጂቡቲ ሐዲድ የምዕራብ ጫፍ ናት፤ የባቡርና የሰዓት ዝምድና በዚያ በዓይን ይታያል። በኬንትሮስ ሲታዩ ደግሞ ሱሉልታ ከመካከለኛው አዲስ አበባ ጋር ትተካከላለች፤ ሰበታና ቡራዩ ግን ወደ ምዕራብ ያዘነብላሉ። አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚሆን፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ሰበታ የምትደርሰው ከአዲስ አበባ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። በጥንቱ የፀሐይ ሰዓት ቢሠራ ሦስቱ ከተሞች ሦስት ሰዓት በኖራቸው ነበር።

መምህራን ይህን በአንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ሊያስተምሩ ይችላሉ። የ3 ሰዓት ልዩነት የሚስማማው ከ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ጋር ሲሆን፣ እነዚህ ከተሞች ከዚያ ከ6 ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ይገኛሉ። ስለዚህ የዘንጉ ጥላ በጣም የሚያጥረው በአማካይ ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። የፀሐይ ጉዞ በዓመቱ ውስጥ እኩል ስላልሆነ፣ በጥቅምት ማብቂያ በ6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ በ6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ይሆናል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንታት ገደማ ፀሐይ በአናት ላይ ስለምታልፍ ጥላው ይጠፋል፤ ሙከራው በእነዚያ ቀኖች ባይደረግ ይመረጣል።

የታሪክ ክፍሎች ደግሞ የሰነድ ፍለጋ ሊያካሂዱ ይችላሉ። የሚፈለጉት ሰዓት የሚጠቅሱና ቀን ያላቸው ጽሑፎች ናቸው፤ እነርሱም የባቡር ሠንጠረዦች፣ የቴሌግራም ቅጂዎች፣ የትምህርት ቤት የደወል መዝገቦች፣ እንደ «ብርሃንና ሰላም» ያሉ የዘመኑ ጋዜጦች ማስታወቂያዎችና የመንግሥት አዋጆች ናቸው። በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኙትን ለማየት የኮሌጅ ዕጩ መምህራንን ማሰማራት ይቻላል። እያንዳንዱ ግኝት ቦታው፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የተጠቀሰው ሰዓት ቃል በቃል፣ የሰነዱም መገኛ ተለይቶ መመዝገብ አለበት። ተመራማሪው የተጻፈውን ሰዓት በራሱ ስሌት ለውጦ መጻፍ የለበትም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው፣ የኮምፒዩተሩ መዝገብ ስለ ዛሬው ሰዓታችን ትክክለኛ፣ ስለ ትናንቱ ግን ደካማ ምስክር ነው። ሥርዓተ ትምህርቱም ሁለት ነገሮችን ሊያጣምር ይገባል። አንደኛ፣ በጂኦግራፊና በሒሳብ ትምህርት የአገር ሰዓትን ከዓለም አቀፉ ሰዓት፣ የእኛንም ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው ጋር የማዛመድ ልምምድ ከመጀመሪያ ደረጃ ጀምሮ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ በታሪክ ትምህርት ሰዓት ራሱ እንደ ማንኛውም የታሪክ ማስረጃ እንዲመረመር ይደረግ። አንድ ቀን የተጻፈበት የባቡር ሠንጠረዥ ከአንድ ተማሪ እጅ ቢገኝ፣ ግምት የነበረው መስመር በማስረጃ ሊታረም ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት አይደለም፤ ሰነድን አክብሮ የሚያነብ መምህርና ጊዜ የሚሰጠው ዕቅድ ነው።