ሃሎዊን፣ ከረሜላና መርዝ፦ በአሌክሳንድራ ሕፃናትን የሚያሰጋው ምንድን ነው?

ኦክቶበር 31 ሲመሽ፣ በሰሜን ጆሐንስበርግ በግንብ በታጠሩ አንዳንድ መንደሮች ጭምብል ያጠለቁ ሕፃናት ከደጅ ደጅ እየዞሩ ከረሜላ ይለምናሉ። ሃሎዊን ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ቢሆንም፣ በቡሄ «ሆያ ሆዬ» እያለ ሙልሙል ሲቀበል ላደገ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ የቡሄ ልጆች የሚያንኳኩት አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁትን ደጅ መሆኑ ነው።

በ1912 የተመሠረተችው አሌክሳንድራ ከባለጸጋዋ ሳንድተን የምትለየው በአንድ አውራ ጎዳና ነው። በጠባቧ ሰፈር ሃሎዊን ሥር የሰደደ በዓል አይደለም። ይሁን እንጂ ሃሎዊን በየአገሩ የሚያስነሣው ሥጋት፣ ማለትም «ልጄ የበላው ጣፋጭ መርዝ ቢኖርበትስ?» የሚለው፣ በ2024 የደቡብ አፍሪካ የከተማ ዳር ሰፈሮች ሁሉ ሥጋት ሆኖ ነበር።

በአሜሪካ ይህ ፍርሃት ከእውነቱ ይልቅ ወሬው የገነነ ነው። የማያውቀው ሰው በሰጠው የተመረዘ ከረሜላ ሕፃን ስለመሞቱ ለዓመታት የመረመሩ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያዎች የተረጋገጠ ጉዳይ አላገኙም። በ1974 በቴክሳስ አንድ ሕፃን በሃሎዊን ምሽት በሲያናይድ ሲሞት፣ መርዙን የሰጠው የገዛ አባቱ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያ ምሽት ይበልጥ የሚገድለው መኪና ነው። በ2019 የታተመ የ42 ዓመታት መረጃ ጥናት፣ በአሜሪካ በሃሎዊን ምሽት እግረኞች በመኪና ተገጭተው የመሞት ዕድላቸው ከሌሎች ምሽቶች በ43 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

በደቡብ አፍሪካ ግን መርዙ እውነት ነበር። በኦክቶበር 2024 መጀመሪያ በሶዌቶ ናሌዲ ሰፈር ስድስት ሕፃናት ሞቱ። የጤና ሚኒስትሩ አሮን ሞትሶአሌዲ በዚያው ወር ማብቂያ እንዳስታወቁት፣ በስድስቱም አስከሬን ላይ ተርቡፎስ የተባለ ፀረ ተባይ ተገኝቷል። ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ ኖቬምበር 15 ባደረጉት ንግግር፣ ከሴፕቴምበር ወዲህ ከምግብ ጋር የተያያዙ 890 የሕመም ክስተቶች መመዝገባቸውንና 22 ሕፃናት መሞታቸውን ገለጹ። አሌክሳንድራ የምትገኝበት የጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ብዙ ክስተት ከታየባቸው አንዱ ነበር።

ተርቡፎስ ለእርሻ የተፈቀደ እንጂ ለቤት የተፈቀደ መርዝ አልነበረም። ወደ ቤትና ወደ ሱቅ ያስገባው አይጥ ነው። ቆሻሻ በወቅቱ በማይነሣበትና ቤት ከቤት ተደግፎ በቆመበት ሰፈር አይጥ የዕለት ተዕለት መከራ ነው። በአሌክሳንድራ አይጥ እንዲያድኑ ጉጉቶችን በትምህርት ቤቶች የማላመድ ሙከራ እስከመደረግ ተደርሷል፤ ጉጉትን እንደ እኛው አገር በክፉ ምልክትነት የሚያይ ነዋሪ ግን ሐሳቡን በቀላሉ አልተቀበለውም። ርካሹ አማራጭ በየመንገዱ በትንሽ ከረጢት ወይም ጠርሙስ የሚሸጠው፣ ስምና መመሪያ የሌለው መርዝ ሆነ።

ቁጣው ያረፈው በስፓዛ ሱቆች ላይ ነው። ከባለቤቶቻቸው መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። በሜይ 2008 በመላ አገሪቱ 62 ሰዎች የሞቱበት በውጭ ዜጎች ላይ ያነጣጠረው ጥቃት የተቀሰቀሰው ከዚችው ከአሌክሳንድራ በመሆኑ፣ የወገኖቻችን ፍርሃት ያለ ምክንያት አልነበረም። ራማፎሳ በዚያ ንግግራቸው ሕፃናትን ሆን ብሎ የመመረዝ ዘመቻ ስለመኖሩ ማስረጃ አለመገኘቱንና ምርቶቹ በደቡብ አፍሪካውያን ሱቆችም ሊሸጡ እንደሚችሉ ተናግረዋል። ይህ ብዙ ያልተስተጋባ፣ ግን ከንግግሩ ሁሉ ክብደት ያለው ክፍል ይመስለናል። ሱቆች በ21 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገቡ ታዘዘ፤ ቀነ ገደቡም እስከ ፌብሩዋሪ 28፣ 2025 ተራዘመ።

ባለሱቅ የሆነ አንባቢ መርዝን ከምግብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ባያኖር ይመረጣል። ወጥመድ አድካሚ ቢሆንም ሕፃን አይገድልም። አይጥ የቦረቦረውን ወይም ዱቄት የነካውን ማሸጊያ ጠርጎ መልሶ መደርደር ሳይሆን መጣል ያስፈልጋል።

ልጆቹን ለሃሎዊን የሚያወጣ ወላጅ ደግሞ አብሯቸው ይሂድ፤ ብርሃን ሳለም ይመለሱ። በወሩ መጨረሻ በጆሐንስበርግ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ሚኒባስ ታክሲዎች በሚሽቀዳደሙበት ጠባብ መንገድ ጥቁር ልብስና ዓይን የሚጋርድ ጭምብል አደገኛ ናቸው። የተሰጣቸውን ቤት ደርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ማሸጊያው ከታየ በኋላ ይብሉ። የተቀደደ፣ የተከፈተ ወይም ጥቃቅን ፍሬ የተጣበቀበት ከሆነ አይብሉት።

ተርቡፎስ በነርቭና በጡንቻ መካከል ያለውን መልእክት ያዛባል። ልጁ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽም ያጥረዋል። ምልክቶቹ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ። ወተት ማጠጣትም ሆነ ጣት አስገብቶ ማስመለስ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። መርዝ የነካው ልብስ ወልቆ ገላው በሳሙና ይታጠብ፤ ልጁም የበላው ነገር ማሸጊያ ተይዞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሐኪሞች የሚሰጡት አትሮፒን በጊዜ ከደረሰ ሕይወት ያድናል። የደቡብ አፍሪካ የመርዝ መረጃ መስመር 0861 555 777 ሌት ተቀን ይሠራል፤ አምቡላንስ በ10177፣ ከተንቀሳቃሽ ስልክም በ112 ይጠራል።