የንጉሥ ስጦታ፣ የደብተራ መልስ

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1520 ምጽዋ ላይ ከፖርቱጋል መርከብ በወረደው የስጦታ ጓዝ ውስጥ ሰይፍ አለ፤ ጩቤ አለ፤ የግድግዳ ምንጣፍ፣ የጦር ልብስ፣ የራስ ቁር፣ ሁለት ትንንሽ መድፎች ከነባሩዳቸው፣ የዓለም ካርታም አለ። ከነዚህ ጋር ኦርጋን ነበረ። ስጦታው የተላከው ለዐፄ ልብነ ድንግል ነው። መሣሪያው ብቻውን እንዳይመጣም ማኑኤል ዴ ማሬስ የሚባል ኦርጋን ተጫዋች ከመልእክተኞቹ ጋር ተመድቧል። የመልእክቱ አለቃ ሮድሪጎ ዴ ሊማ፣ ጸሐፊያችን ደግሞ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሞ ባይወጣ ኖሮ የማኑኤልን ስም ማን ያነሳው ነበር?

ያም ቢሆን ይህ ሁለተኛው ሙከራ ነው። በ1515 የፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ቀዳማዊ ከዚህ እጅግ የበለጠ ስጦታ አስጭኖ ነበር። መልእክተኛው ዱዋርቴ ጋልቫዎ ግን ያረጀ ሰው ነውና በ1517 ቀይ ባሕር ላይ ካማራን ደሴት ዐርፎ ቀረ። ለልብነ ድንግል የደረሰው የተራረፈው ነው፤ እንግዶቹም ስጦታው በማነሱ ማፈራቸውን አልቫሬዝ ራሱ ጽፎታል። ስድስት ዓመት ሰነበቱ። የንጉሡ ሰዎች የፈረንጆቹን ዜማና ጭፈራ ደጋግመው ጠየቁ፣ ቅዳሴያቸውንም ቆመው ሰሙ። በ1526 እንግዶቹ ተመልሰው ባሕር ሲሻገሩ በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚነፋ ደብተራ አልተተካም።

ለምን? የተለመደው መልስ «ባዕድ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። እኔ አልቀበለውም። በዚያው ጊዜ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለው የቬኒስ ሰዓሊ ከዐርባ ዓመት ያላነሰ በአገሩ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ይስል ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ሰሜን ላይ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌ ማርያምን ሲያሠሩ ኤድዋርድ ዛንደር የተባለውን ጀርመናዊ እጁን እንዲያስገባ አድርገዋል፤ በ1855 ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል ነሥቶ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠውም በዚሁ ደብር ነው። የባዕድ ብሩሽና የባዕድ መዶሻ ቅጥር ውስጥ ከገባ የባዕድ ቧንቧ ብቻውን በባዕድነቱ አይመለስም።

ኦርጋንን የፈረንጅ ንብረት አድርጎ ማሰቡም ስሕተት አለበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በውኃ ግፊት የሚሠራውን የመጀመሪያውን ኦርጋን ያበጀው ክቴሲቢዮስ የእስክንድርያ ሰው ነበር። እስክንድርያ ማለት ጳጳሳችንን ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት የላከችልን ከተማ ናት። ግብጻውያኑ ክርስቲያኖች በቅዳሴያቸው ጥንድ የናስ ሳህንና ባለሦስት ማዕዘን ብረት ይዘው ቀሩ እንጂ ኦርጋኑን አላስገቡትም። ቢዛንታውያንም የቤተ መንግሥት ጌጥ አደረጉት፤ በ757 ንጉሣቸው ቆስጠንጢኖስ 5ኛ ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን አንድ ላከለት። ምዕራቡም እንግዲህ ኦርጋንን ያገኘው እንደ እኛው በንጉሥ ስጦታ ነው። ልዩነቱ እነሱ በመቶ ዓመታት ውስጥ ቀስ እያሉ ከአዳራሽ ወደ ቤተ መቅደስ አሸጋገሩት፤ እኛ ዘንድ ሊቀመጥበት የሚገባው ቦታ ተይዞ ቆየው።

ማን እንደያዘው ለማየት ከደባርቅ ቁልቁል መውረድ ነው። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደጋው ጫፍ ላይ ከተቀመጠችው ደባርቅ ወጥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው፣ ጋቢውን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ዛሪማ ቆላ ይገባል። ዛሬ መኪና የሚሄድበትን መንገድ ጣልያን በወረራው ዘመን ቆረጠው እንጂ መሥመሩ ከእርሱ በፊት የነበረ ነው፤ ከጎንደር ወደ ዓድዋና ምጽዋ የሚሄድ ሲራራ ነጋዴ፣ ከምጽዋ የሚመጣ ጳጳስ፣ ከደብር ደብር የሚዞር ተማሪ ሁሉ ተረከዙን የላጠበት። ከዛሪማ ወደ ምሥራቅ ቀና ያለ ሰው የሰሜን ተራሮችን ግድግዳ ያያል። ከነዚያ ተራሮች አንዱ፣ ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለው፣ አባ ያሬድ ይባላል።

ስሙ በከንቱ አልተሰጠም። ገድሉ እንደሚለው በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡም በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር የካህኑ እግር ላይ ተከለው፤ ሁለቱም ዜማው እስኪያልቅ አልተሰማቸውም። ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቅ ቢለው ያሬድ መመነንን መረጠ። የሄደውም ወደ ሰሜን ነው፤ ያረፈውም እዚያው ነው፣ በዓሉም ግንቦት 11 ይከበራል። ገድል ገድል ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ የዘመን ስሌት ሊያደርግበት ቢሞክር ይቸግረዋል። ነገር ግን ለእነዚህ ተራሮች ሰው ያሬድ የመማሪያ መጽሐፍ ስም ሳይሆን ጎረቤት መሆኑ የማይካድ ነው።

ማሕሌቱን ቀርቦ ያየ ሰው ለኦርጋን ቦታ የጠፋበትን ምክንያት በጆሮው ያገኘዋል። በክብረ በዓል ሌሊት ሊቃውንቱ ቅኔ ማሕሌት ውስጥ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታው በአንድ ወገን፣ ግራ ጌታው በሌላው። አንዱ ወገን ይመራል፣ ሌላው ይቀበለዋል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ መሣሪያ የለም፣ ጉሮሮ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜው ይመጣና መቋሚያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ታች ይወዛወዛል። መረግድ ላይ ሲደርስ ሁለት ወጣቶች ከበሮ ባንገታቸው አንጠልጥለው ወደ መካከል ይገባሉ። የሚያስደንቀኝ የነሱ ነገር ነው። ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ አንዱ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል ሌላው ወደኋላ ይላል፤ ሰፊው የከበሮ አፍ ወፍራሙን፣ ጠባቡ ቀጭኑን ያወጣል፤ ጸናጽሉ በመካከሉ ይፈሳል። ጽፋት ሲሆን ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ከበሮ መቺው ዘሎ ሲመታ ነጠላው ትከሻው ላይ አይቆምም። ሁለቱ አይነጋገሩም፤ አንዱ ቢቸኩል ሌላው በዓይኑ ይይዘዋል።

እንዲህ ያለው ጥንድነት ለኦርጋንም እንግዳ አይደለም፤ ፈረንጆችስ ቢሆኑ ኦርጋንን የአንድ ሰው መሣሪያ ያደረጉት በቅርቡ ነው። ኤሌክትሪክ እስኪመጣ ድረስ አንዱ ቁልፉን ሲጫን ሌላው ከጀርባ ወናፉን መንፋት ነበረበት፤ ወናፍ ነፊው ከደከመው ሙዚቃው ያንቀላፋል። በ1812 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ዌስሊ ለአንድ ኦርጋንና ለሁለት ተጫዋቾች ድርሰት ሲጽፍ ሁለቱም ሰዎች ከፊት ተቀመጡ። ወናፍ ነፊውን ማን ቆጠረው? ያው ሦስተኛ ሆኖ ተደበቀ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከመልእክተኞቹ መሄድ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የግራኝ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናቱን አነደደ፤ መጽሐፍም ሊቅም አብሮ ተቃጠለ። ከጥፋቱ ማግሥት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559)፣ ሁለት ሰዎች ተነሡ፤ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል። የድጓውን ዜማ በምልክት አደራጅተው ያቆዩልን እነሱ መሆናቸውን የዜማ ሊቃውንት ሁሉ ይመሰክራሉ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ዜማን በጽሑፍ የማስቀመጡ ሐሳብ ከፖርቱጋሎች የተቀዳ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የጊዜው መቀራረብ ያስጠረጥራል፤ ሥራው ግን አይመስልም። የፈረንጅ ኖታ በመሥመር ላይ የድምፅን ከፍታ ይለካል። የኛ ምልክት ከቃሉ ላይ የተቆረጠች ፊደል ናት፤ ተማሪው ቀድሞ በቃሉ የያዘውን ዜማ ታስታውሰዋለች እንጂ ያልሰማውን አታስተምረውም። ከፊደሎቹ ጋር ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ የሚባሉት ጭረቶች አሉ። እንግዶቹ መሣሪያ ይዘው መጡ፤ ጌራና ራጉኤል የመለሱት በቀለምና በብራና ነው።

ኦርጋኑ ማሕሌት ውስጥ ያልቆመበት ዋናው ምክንያትም ከነዚሁ ጭረቶች ውስጥ አለ። ርክርክ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሂደት ያስኬደዋል። ግዕዝ፣ ዕዝል ወይም አራራይ ይሁን፣ መሪጌታው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚደርሰው ተንሸራትቶ ነው፤ መንሸራተቻው ደግሞ ጌጥ ሳይሆን ራሱ ዜማው ነው። የኦርጋን ቧንቧ ርዝመቱ የተቆረጠ ነውና አንዴ ከተቃኘ ያችኑ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ቦታ መርገጥ አይችልም። ማኑኤል ዴ ማሬስ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አንድ የድጓ ተማሪ በጉሮሮው የሚሠራውን በእጁ ሊሠራ አይችልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤተ መንግሥቱ የፈረንጅ ሙዚቃን አልጠላም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ዐርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከነመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አምጥተው የናስ ባንድ አቋቋሙ። ቅኔ ማሕሌቱ ግን በመቋሚያው ጸና።

ድምፅ በተገላቢጦሽ፣ ከእኛ ወደ ፈረንጅ አገር መጓዙንስ ስንቶቻችን እናውቃለን? ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የዛሪማን ቆላ አቋርጦ ሊማሊሞን እየተንጠለጠለ ወጥቶ በ1770 መጀመሪያ ላይ ጎንደር ገባ። አገሩ ሲመለስ ስለ ሐበሻ የሙዚቃ መሣሪያዎች ለቻርልስ በርኒ ደብዳቤ ጻፈለት፤ በርኒም በ1776 በወጣው የሙዚቃ ታሪኩ ቅጽ ውስጥ አተመው። ብሩስ ስድስት መሣሪያ ይቆጥራል፤ የሚነፋ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና ክራር። (ጎንደር ተቀምጦ ማሲንቆን መዝለሉ ለእኔ እስከዛሬ እንቆቅልሽ ነው።) በርኒ ማን ነበር? የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች። ልብነ ድንግል ኦርጋን ከተላከለት ከሁለት መቶ ኀምሳ ስድስት ዓመት በኋላ የጸናጽላችን ወሬ በአንድ ኦርጋኒስት መጽሐፍ ውስጥ ዐረፈ።

ኦርጋንንና የያሬድን ዜማ በአንድ እጅ የያዘ ሰው ለማግኘት ግን 20ኛውን መቶ ዓመት መጠበቅ ነበረብን። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ አባታቸው የጎንደርም የአዲስ አበባም ከንቲባ የነበሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በልጅነታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በወረራው ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ጣልያን አገር ታሰሩ፤ በኋላ ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ቀጠሉ። ከዚያ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም መነኮሱ፤ ዐሥር ዓመት ባዶ እግራቸውን። በ1960ዎቹ ጎንደር ወርደው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎቹን አዩ፤ ቀን አኮፋዳቸውን ይዘው የሚለምኑ፣ ሌሊት ደጅ የሚያድሩ፣ ድጓ የሚቀጽሉ ልጆች። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሙዚቃ ነበራቸው። በ1967 ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸው የታተመው ገቢው ለችግረኞች እንዲሆን ነው። በ1972 ደግሞ ኢየሩሳሌም ውስጥ ተቀርጾ «ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን» በሚል ርእስ በወጣው ሸክላቸው ከፒያኖው ሌላ ሃርሞኒየምና ባለቧንቧ ኦርጋን ተጫወቱ።

እማሆይ ርክርኩን እንዴት አመጡት? ቁልፍ አይንሸራተትም፤ እሳቸው አጠገብ ላጠገብ ያሉትን ቁልፎች በጣታቸው እያረገፉ፣ ምቱን እያዘገዩና እያፋጠኑ ጆሮ ያታልላሉ። ማሕሌት አልነኩም፤ ማሕሌትን ሰምታ የተመለሰች እጅ ግን ናት። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው እዚያው ኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ዛሬ ሁለት ወጣቶች ጎንደር ወይም ደባርቅ ላይ የኦርጋን ኮንሰርት እናሳይ ቢሉ እኔ ከሚደግፉት ወገን ነኝ፤ አዳራሹ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ እስከሆነ ድረስ። ኦርጋኑ ግን ልምራ አይበል። አንደኛው ወጣት አንድ ድምፅ ይዞ ይጠብቅ፣ ሁለተኛው ዜማውን በጉሮሮው ያሂድ፤ በአራራይ ቢጀምሩ ጥሩ ነው። የመግቢያው ገንዘብ ደግሞ ለአብነት ተማሪዎቹ ይሰጥ፤ አኮፋዳው ዛሬም አልተሰቀለምና።