ሦስት ቃል ይዞ ጓንዡ

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ሊያመጣ ጓንዡ ሊሄድ ነው። «ቲቸር፣ ሦስት አራት የቻይንኛ ቃል ይዤ ብሄድ ይጠቅመኛል ወይስ ይስቁብኛል?» አለኝ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ነጋዴ አይደለሁም። ግን የሚሄድባት ከተማ የዱሮዋ ካንቶን ናት፤ እዚያች ከተማ ደግሞ ይሄ የቋንቋ ነገር የሰው ነፍስ በልቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1757 ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ የአውሮፓ መርከቦች በካንቶን ብቻ እንዲነግዱ አዘዘ። ፈረንጆቹ የሚገበያዩት መንግሥት ከፈቀደላቸው ጥቂት ነጋዴዎች ጋር ብቻ ነበር፤ የንግድ ወቅቱ ሲያልቅ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ማካው ይሄዳሉ። ከነሱ መሃል ጄምስ ፍሊንት የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ ገና በልጅነቱ ቻይንኛ እንዲማር እዚያ የተተወ፣ በኋላ የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ አስተርጓሚ የሆነ። በ1759 የካንቶን ሹሞች ቀረጥና ጉቦ ሲመራቸው ፍሊንት በመርከብ ወደ ሰሜን ወጣና በቻይንኛ የተጻፈ አቤቱታ ቲየንጂን ድረስ አደረሰ። ወረቀቱ ንጉሡ ዘንድ ገባ። የካንቶኑ የጉምሩክ ሹምም ተሻረ።

እሰይ እንዳትሉ! ፍሊንት ማካው ውስጥ ሦስት ዓመት ግድም ታሰረ። አቤቱታውን በመጻፍ የረዳው ቻይናዊ ሊዩ ያቢየን ግን አንገቱ ተቀላ። ከዚያ ወዲያ ለባዕድ ቻይንኛ ማስተማር አደገኛ ሥራ ሆነ። እኔን ሁሌም የሚከነክነኝ ይሄ ሰውዬ ነው፤ ስለ ፍሊንት የሚያወራ ሁሉ እሱን በአንድ መስመር ነው የሚያልፈው።

ታዲያ ሻዩና ሐሩ እንዴት ተሸጠ? ቻይናዎቹ ራሳቸው የፈረንጁን ቃል ለቀሙ። ፒጂን የሚባለው የንግድ ቋንቋ እዚያ ደራ፤ ስሙ ራሱ «ቢዝነስ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል። ፖርቱጋልኛም ገብቶበታል፤ «ጆስ» ማለት አምላክ ነው። የእንግሊዝኛውን ድምፅ በቻይና ፊደል የጻፉ ርካሽ መጽሐፎች ገበያ ላይ ይሸጡ ነበር። ባለሱቁ ያቺን ይዞ ዋጋ ይጠራል፣ ይከራከራል፣ ይሳሳቃል፤ ማንም አይነካውም። በጥቂት ቃል መሸጥ ይቻላል፤ ለንጉሡ የሚደርስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ግን ያስገድላል።

ለተማሪዬ «ያዝ እንጂ፣ ቢስቁም ይሳቁ» አልኩት። ሲስቁ ወንበር ይስቡልሃል። ደግሞ ጓንዡ ያገሬው ቋንቋ ካንቶኒዝ ስለሆነ ከ«ሺየ ሺየ» ሌላ «ም ጎይ»ም ጨምር ብዬዋለሁ።

ትናንት የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሁሉንም በፊደላችን ጽፎታል፣ ልክ እንደ ካንቶን ባለሱቆች። «ታይ ግዊ ለ - በጣም ውድ ነው» የሚለውን ሁለቴ አስምሮበታል።