ኦፊርን ፍለጋ፦ የዚምባብዌ ግንብና የንግሥተ ሳባ ስም

ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦቹን ወደ ኦፊር ልኮ 420 መክሊት ወርቅ እንዳስመጣ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። ኦፊር የት እንደሆነች ግን መጽሐፉ አይነግረንም። በዚህም ምክንያት የወርቅ ጥማት የያዘው ሁሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲፈልጋት ኖሯል። አንዱ ህንድ ናት ሲል፣ ሌላው ዓረቢያ፣ ሌላው አፍሪካ ብሏል። ከዚህ ሁሉ ፍለጋ ለአፍሪካ ከባድ ዋጋ ያስከፈለው በዛሬዋ ዚምባብዌ የተካሄደው ነው። ነገሩ እኛንም ይመለከታል፤ የተካሄደው በንግሥተ ሳባ ስም ነውና። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፖርቱጋሎች በ1505 በህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ በሶፋላ ምሽግ ሠሩ። ከመሀል አገር የሚመጣውን ወርቅ አዩ፤ ያለ ኖራ የተካበ ታላቅ የድንጋይ ግንብ እንዳለም ሰሙ። የሰሎሞን ኦፊር ይህች ናት የሚለው ወሬ በአውሮፓ ተዛመተ።

በ1871 ካርል ማውክ የተባለ ጀርመናዊ ከግንቡ ደረሰ። ከበሩ ጉበን ስንጣሪ እንጨት ወሰደና ከእርሳሱ ጋር አስተያየው። ቀለሙና ሽታው ተመሳሰለበት። እርሳሱ የዝግባ ነው፤ እንግዲህ ይህም የሊባኖስ ዝግባ ነው አለ። ከዚያም ግንቡን የንግሥተ ሳባን ቤተ መንግሥት አስመስለው ፊንቄያውያን ሠሩት ብሎ ደመደመ። እንጨቱ በኋላ ሲመረመር የዚያው አካባቢ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ወሬው ግን አስቀድሞ ዓለምን ዞሯል።

ወሬውን የፈለገው ሰው ነበር። የሴሲል ሮድስ ኩባንያ በ1890 አገሩን ያዘ። ግንቡን ጥንት ከውጭ የመጡ ሰዎች ሠርተውት ከሆነ የአሁኑ መጤም «ወደ ቀድሞ ይዞታዬ ተመለስኩ» ማለት ይችላላ! በ1891 በሮድስ ድጋፍ የተላከው ቴዎዶር ቤንት ሠሪዎቹ ከዓረቢያ የመጡ ናቸው ብሎ ጻፈ። ይኸው ሰው በ1893 እኛ አገር አክሱም ድረስ ተጉዟል። በ1895 ደግሞ ፍርስራሾችን እየቆፈረ ወርቅ የሚያወጣ ኩባንያ ተቋቋመ። መቃብር ተበረበረ፤ ከወጣው ጌጣጌጥ ቀልጦ የቀረ አለ። ቀጥሎ የተሾመው ጠባቂ ሪቻርድ ሆልም የጥቁሮች ቆሻሻ ነው እያለ የታሪኩን ማስረጃ የያዘውን አፈር አስጠርጎ ጣለው።

እውነቱ ግን ተቀብሮ አልቀረም። ራንዳል ማክአይቨር በ1905፣ ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን በ1929 ቆፍረው ሠሪዎቹ አፍሪካውያን መሆናቸውን አረጋገጡ። ዛሬ እንደሚታወቀው ግንቡን ከ11ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት የሾና ሕዝብ አባቶች ናቸው። ከሰሎሞን ዘመን በኋላ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል መሆኑ ነው። የታላቁ ቅጥር ዙሪያ 250 ሜትር ያህል ነው፤ ቁመቱ እስከ 11 ሜትር ይደርሳል። ወርቅስ አልነበረም? ነበር እንጂ! የከብት ባለጸጎቹ የዚህ ከተማ ገዢዎች ወርቃቸውን በሶፋላና በኪልዋ በኩል እየሸጡ የቻይና ሸክላ ሳይቀር ያስመጡ ነበር። ውሸቱ ወርቁ ላይ ሳይሆን ባለቤቱ ላይ ነበር።

በ1965 ነጻነት ያወጀው የኢያን ስሚዝ የነጮች መንግሥት ይህ እውነት በግልጽ እንዳይነገር ተጫነ። የቅርሶቹ ተቆጣጣሪ የነበረው ፒተር ጋርሌክ በ1970 አገሩን ለቆ ወጣ። በ1980 ግን ነጻ የወጣው ሕዝብ አገሩን በዚያው ግንብ ስም ዚምባብዌ አለው። ከፍርስራሹ የተገኘውን የድንጋይ ወፍም ባንዲራው ላይ አሳረፈው።

እኛ የሳባን ስም በኩራት እናነሣለን፤ ይገባናልም። ነገር ግን ያው ስም በሌላው አፍሪካዊ እጅ ላይ ካቴና ሆኖ እንደነበር ማወቅ አለብን። በላሊበላ ሥራም የፈረንጅ መስቀል ጦረኞች እጅ አለበት ተብሎ ሲጻፍ አንብበናል። በሰው አገር የሚያድጉ ልጆቻችን ይህን የመሰለ ነገር በመጽሐፍም በፊልምም ያጋጥማቸዋል። መልሱን ከእኛ ካላገኙ ከማን ያገኙታል? አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት ለዚህ ነው። የዚምባብዌ ግንብ ስንት ዘመን ተነቀነቀ፤ ባለቤቱ ግን ዛሬም እዚያው አለ።